የዳት ካሴት ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ‹ጠቅ ጠቅ› ይላል፤ ምን ላድርግ?

የጃንሜዳ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ የዳት (ድምፅን በዲጂታል የሚይዝ ትንሽ ካሴት) መቅጃ ገዝቶ ነበር። በእጅ የምትያዝ ትንሽዬ ነገር። የጥምቀት ማኅሌት፣ የዘመድ ሠርግ፣ የሰፈር ልጆች የባንድ ልምምድ፣ ያገኘውን ሁሉ ይቀዳል። 31 ካሴት ትቶልናል።

መቅጃዋ ባትሪ ፈስሶባት ሞታለች። አጎቴ ከቨርጂኒያ ያገለገለ ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) ላከልን። የ110 ቮልት መሆኑን ሳናይ ግድግዳው ላይ ሰካነው። ‹ጧ› አለ፣ ከዚያ ያ ሽታ። አጎቴ አልተቆጣም፣ ሌላ ላከ። ይኼኛው በትራንስፎርመር ነው የሚሠራው፣ ደህና ነው።

አሁን ችግሬ እንዲህ ነው። ከዴኩ ጀርባ ‹ዲጂታል አውት› ከሚለው፣ ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ወደሚያስገባው ኦዲዮ ኢንተርፌሴ ‹ስፒዲፍ ኢን› (የዲጂታል ድምፅ መግቢያ) አገናኘሁ። ድምፁ ይገባል። ግን በየጥቂት ሰከንዱ ጠቅ ይላል፣ ምስር ሲለቀም ጠጠር ሳህን ላይ እንደሚወድቅ። ወንድሜ ቅንብሩን ሲነካካ ጠቅታው ጠፋ። ግን አባቴ መሐል ላይ ሲናገር ድምፁ ወፍሮ የሌላ ሰው ሆነ። ደንግጬ ሁሉንም ወደነበረበት መለስኩት። ጠቅታውም አብሮ ተመለሰ።

ደግሞ ሽፋናቸው ላይ ‹ረጅም› ተብሎ የተጻፈባቸው 3 ካሴቶች አሉ። በዴኩ ሄድፎን ይሰማሉ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ዝም።

ይኼን ሁሉ ትቼ በቀይና ነጩ የአናሎግ ገመድ ልቅዳው?

---

ነገር_አቅላይ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:22

ቀይና ነጭ! ምን አስጨነቀሽ እህቴ። ሰክተሽ ቅጂ፣ ተኚ። ልዩነቱን የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ካለ እኔ ቡና እጋብዘዋለሁ።

---

የሽቦ_ነገር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

አትቸኩዪ። ወንድምሽ ግማሹን መፍትሔ አግኝቶት ነበር። አንቺ ነሽ የመለስሽው።

ጠቅታው የክሎክ ጉዳይ ነው። ዴኩ የራሱ ሰዓት አለው፣ ኢንተርፌሱም የራሱ። ሁለቱም ‹በሰከንድ 48000 የድምፅ ናሙና እቆጥራለሁ› ይላሉ። ግን ሁለት ከበሮ መቺዎች ሳይተያዩ ቢመቱ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ልክ ናቸው፣ ቆይቶ አንዱ ይቀድማል። ዴኩ 48001 ሲልክ ኢንተርፌሱ 48000 ብቻ ከተቀበለ አንዷ ትርፍ የት ትግባ? ትጣላለች። እዚያች ቦታ ላይ ነው ‹ጠቅ› የምትሰሚው።

ካሴት ስታጫውቺ መሪው ምንጊዜም ዴኩ ነው። የኢንተርፌስሽን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ክፈቺ። ‹ክሎክ ሶርስ› የሚል ታገኛለሽ። አሁን ‹ኢንተርናል› ላይ ነው። ‹ስፒዲፍ› አድርጊው። ‹ሎክድ› የሚል ጽሑፍ ወይም አረንጓዴ መብራት ካየሽ ተግባብተዋል።

ወንድምሽ ይህን አድርጎ ነበር ብዬ እገምታለሁ። የረሳው ሁለተኛውን ነገር ነው። የመቅጃ ፕሮግራምሽ ፕሮጀክት 44100 ላይ ነበር፣ ካሴቱ ደግሞ 48000። በሰከንድ 48000 ሆኖ የገባውን ድምፅ ‹44100 ነው› ብሎ ጻፈው። ሲጫወት ይጎተታል። የ60 ደቂቃ ካሴት 65 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይሆናል፣ ድምፁም አንድ ተኩል ሴሚቶን ገደማ ይወርዳል። አባትሽ የወፈረው ለዚህ ነው።

እና ያንን ፋይል ሰርዘሽው ካልሆነ አልተበላሸም። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ክፈቺውና ከትራኩ ስም አጠገብ ካለው ዝርዝር ‹ሬት› የሚለውን 48000 አድርጊው። ‹ሪሳምፕል› የሚለውን እንዳትነኪ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። አባትሽ ወደ ድምፁ ይመለሳል።

---

የጃንሜዳ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

ፋይሉ አለ!! አሁኑኑ ሞከርኩት። እሱ ነው። ‹ዝም በሉ፣ እየቀዳሁ ነው› እያለ ነው የሚቆጣው። እናቴን ከእንቅልፍ ቀስቅሼ አሰማኋት።

ግን ካሴቱ 48000 ይሁን 44100 በምን አውቃለሁ?

---

የሽቦ_ነገር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:40

ዴኩ ራሱ ይነግርሻል። ካሴቱ ሲዞር መስኮቱ ላይ 48፣ 44.1 ወይም 32 ይላል። እሱን እያየሽ ፕሮጀክቱን አስተካክዪ። በአንድ ካሴት ውስጥ ሊቀያየር ይችላል። አባትሽ መሐል ላይ ከሲዲ የቀዳው ነገር ካለ እዚያ ላይ 44.1 ይሆናል፣ ክሎኩም ለአፍታ ይበጠሳል። እዚያ አቁመሽ ሌላ ፋይል ጀምሪ።

ስለ ገመዱ አልነገርሽንም። የቱን ነው የሰካሽው?

---

የጃንሜዳ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:44

ከድሮ የቪዲዮ ማጫወቻ የተረፈች ቢጫዋን። ያሳፍራል እንዴ?

---

የሽቦ_ነገር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:47

ኧረ ጎበዝ ነሽ። ቢጫዋ የቪዲዮ ገመድ 75 ኦም ናት፣ ስፒዲፍም የሚፈልገው እሱን ነው። ከብዙ ውድ ገመድ ትሻላለች። ቀይና ነጯም ለአንድ ሜትር ያህል ትሠራለች፣ ሲረዝም ነው የምታስቸግረው።

---

ጋሽ_ሚክሰር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ልጄ፣ እኔ በዚህ ማሽን ዕድሜዬን ጨርሻለሁና ሁለት ሦስት ነገር ልበል።

ሶኒ ዳትን ያወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ማሽኑን መሥራት ያቆመው ደግሞ በ2005። ዛሬ አዲስ ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) ልግዛ ብትዪ የለም። ስለዚህ ዴክሽ እየሠራ ሳለ ሥሪ። ‹ከፋሲካ በኋላ› አትበዪ።

ካሴቱን ከመቅዳትሽ በፊት እስከ መጨረሻው በፍጥነት አሽከርክሪው፣ ከዚያ መልሺው። ከ25 ዓመት በላይ ሳይፈታ የቆየ ክር ነው፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። እየተጫወተ ተጎትቶ ከሚበጠስ አስቀድሞ ቢላቀቅ ይሻላል። ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያም ወደ መከላከያው ጎን ግፊያት። በስህተት ‹ሪከርድ› ብትነኪ አባትሽን ትሰርዣለሽ።

ሄዱን ስታጸጂ በጆሮ ኩክ መጥረጊያ ጥጥ አይሆንም! ውስጡ ያለው ከበሮ በደቂቃ 2000 ጊዜ ነው የሚሽከረከረው፣ ሄዶቹም ከፀጉር ያነሱ ናቸው። የጥጡ ክር ከያዛቸው ይሰበራሉ። ለስላሳ የቆዳ ጨርቅ በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥቢ። ጨርቁን ሳታንቀሳቅሺ ከበሮው ላይ አስደግፊው፣ ከበሮውን በሌላው እጅሽ ቀስ አድርገሽ አዙሪው። ወደ ላይና ወደ ታች አትፈትጊ። አንድ ጎረምሳ የእኔን ‹ላጽዳልህ› ብሎ ፈትጎልኝ፣ ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ሌላው መብራት ነው። ካሴቱ እየዞረ መብራት ከሄደ ክሩ ከበሮው ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል። መብራት ሲመለስ አብዛኞቹ ማሽኖች ራሳቸው ይሰበስቡታል። በእጅሽ እንዳትጎትቺ። ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን ዴኩንም ዩፒኤስ ላይ አድርጊ።

---

ነገር_አቅላይ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:02

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼን ሁሉ ከማድረግ በቀይና ነጩ አይቀልም? ውጤቱ ያው ድምፅ ነው።

---

ጋሽ_ሚክሰር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:40

ያው አይደለም። ካሴቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው። በዲጂታል ገመድ ቁጥሩ እንዳለ ይሻገራል። መጠን ማስተካከል የለም፣ ‹በዛ፣ አነሰ› የለም። በቀይና ነጩ ግን ዴኩ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፣ ያንቺ ኢንተርፌስ መልሶ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ደብዳቤን ፎቶ ማንሳትና በቃል ሰምቶ መልሶ መጻፍ አንድ ነው?

ሌላ መንገድ ሲጠፋ ግን እኔም እጠቀምበታለሁ። አልጠላውም።

---

ቦሌ_ስቱዲዮ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:18

ውይይቱን ልጥለፍ። እኔ ጋ ያለው ዳት ሳይሆን አዳት ነው። የኤስ-ቪኤችኤስ ካሴት የሚበላው ትልቁ። ኦፕቲካል ገመዱን ኢንተርፌሱ ኦፕቲካል ውስጥ ሰካሁ፣ ቀይ መብራቱ ገመዱ ጫፍ ላይ ይታያል፣ ግን ምንም የለም። ገመዱ ነው?

---

ጋሽ_ሚክሰር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:05

ገመዱ ደህና ነው። ቀዳዳው አንድ፣ ቋንቋው ሁለት ነው። በዚያው ኦፕቲካል ገመድ ውስጥ ስፒዲፍ ሲሄድ 2 ቻናል ነው፣ አዳት ሲሄድ 8። ብዙ ኢንተርፌስ ላይ የትኛውን እንደሚጠብቅ በፕሮግራሙ ውስጥ መምረጥ አለብህ። ያንተ ‹ስፒዲፍ› እየጠበቀ ነው። ‹አዳት› አድርገው፣ ክሎኩንም ወደ አዳት።

ያ ማሽን በ1992 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጣ 8 ትራክ በቪዲዮ ካሴት ላይ ማለት ተአምር ነበር። ‹120› በሚለው ካሴት ላይ 40 ደቂቃ ትቀዳለህ። ሁለት ማሽን ካገናኘህ 16 ትራክ። ለዘፋኙም ለኪቦርዱም ለሳክስፎኑም ቦታ አለ። ከዚያ በፊት ሁሉንም አንድ ላይ አስጨንቀን ነበር የምንቀዳው። ሳክስፎኒስቱ ከሳተ ሁላችንም እንደገና። ሌሊቱን ሙሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የታስካም ዲኤ-88 ያለው ሰው ካለ፣ እሱ ሃይ-8 ካሴት ነው የሚጠቀመው፣ ዲጂታል መውጫውም 25 እግር ያለው መሰኪያ ነው። ያው ቅርጽ ያለው መሰኪያ ለአናሎግም ይሠራል። ገባልኝ ብለህ ኢንተርፌሱ አናሎግ ውስጥ እንዳትሰካው። መልኩ አንድ ነው፣ ውስጡ ሌላ።

ትልልቆቹ የስቱዲዮ ዳቶችም፣ እንደ ፓናሶኒክ ኤስቪ-3700 ያሉት፣ የማይክ መሰኪያ የሚመስል ኤክስኤልአር ዲጂታል መውጫ አላቸው። እሱን ማይክ ኢንፑት ውስጥ የሰካ ሰው አውቃለሁ። ‹ሽሽሽሽ› ብቻ ነበር የሚሰማው፣ ግማሽ ቀን ሄድ ሲያጸዳ ዋለ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

---

ቦሌ_ስቱዲዮ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:11

ሠራ! 8ቱም ገቡ። ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው።

---

ሙኒክ_ነኝ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

ስለ ‹ረጅም› ካሴቶቹ ማንም አልመለሰላትም። እነሱ የተቀዱት በሎንግ ፕሌይ ነው። በዚያ ሁነታ ካሴቱም ከበሮውም በግማሽ ፍጥነት ይዞራሉ። የ2 ሰዓቱ ካሴት 4 ሰዓት ይይዛል። አባትሽ ካሴት መቆጠቡ ነው። በልዋጩ ድምፁ ጥራቱ ቀንሶ 32 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 32000 ናሙና)፣ 12 ቢት ይሆናል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ የዛሬ የዩኤስቢ ኢንተርፌሶች ከ44.1 በታች አይቀበሉም። ዴኩ 32 ይልካል፣ ኢንተርፌስሽ ‹የማላውቀው ነው› ብሎ ዝም ይላል። አልተበላሸም። እንደ አርኤምኢ ያሉ አንዳንዶቹ 32 ይቀበላሉ፣ ግን ለ3 ካሴት ብለሽ ያን ያህል ብር አታውጪ። የሚያውስሽ ሰው ከሌለ...

...እዚህ ላይ ቀይና ነጭ።

---

ነገር_አቅላይ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:33

ይህን መልእክት አትማችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉልኝ።

---

ሙኒክ_ነኝ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:50

😀 ግን በደንብ ይሁን። ኢንተርፌሱን 24 ቢት አድርጊ፣ ክሎኩን ወደ ‹ኢንተርናል› መልሺ፣ ኃይለኛው ቦታ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርገሽ ቅጂ።

ሌሎቹን 28 ካሴቶች ግን ሁለት ሁለት ጊዜ ቅጂ። የምሬን ነው። ዳት ቁጥሩ ሲጎድልበት መጀመሪያ በማረሚያ ኮዱ ይጠግናል፣ ያ ፍጹም ነው። መጠገን ካቃተው ግን ግራ ቀኙን አይቶ ይገምታል። ግምቱን ጆሮ ላይለየው ይችላል። ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን አድርገሽ በናሙና ደረጃ አስተካክዪ፣ የአንዱን ሞገድ ገልብጪው (‹ኢንቨርት›)፣ ደምሪያቸው። ፍጹም ዝምታ ካገኘሽ ሁለቱ አንድ ናቸው። የሆነ ቦታ ‹ቲክ› ካለ እዚያ ላይ ዴኩ ገምቷል ማለት ነው። ያቺን ደቂቃ ብቻ ሄዱን አጽድተሽ ድገሚ።

በተለይ ያንቺ ካሴቶች የተቀዱት በሌላ ማሽን ነው። የሁለት ማሽን ሄድ አቀማመጥ በጥቂቱ ሲለያይ ነው ስህተቱ የሚበዛው።

---

የጃንሜዳ_ልጅ · እሑድ፣ ከቀኑ 9:20

ይኸው ወሬ ይዤ መጣሁ። 11 ካሴት ጨርሻለሁ። ክሎኩን ወደ ስፒዲፍ፣ ፕሮጀክቱን 48000፣ ጠቅታ የሚባል የለም። አንድ ሰዓቱ 691 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀምጬዋለሁ፣ አንዱ እህቴ ቤት ነው። የመገልበጥና የመደመሩን ነገርም ሞከርኩ። 9ኙ ጭጭ አሉ። ሁለቱ ላይ ጥቂት ቲክ ነበረች፣ አንዱ ከጽዳት በኋላ ተስተካከለ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ካሴቱ ላይ አባቴ በእጁ ‹ጥምቀት 88› ብሎ ጽፏል። ዴኩ ደግሞ ‹96-1-20 8:14› ይላል። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 አይደል እንዴ? ተሳስቶ ይሆን?

---

ሙኒክ_ነኝ · እሑድ፣ ከቀኑ 9:41

አልተሳሳተም! ዳት ከድምፁ ጋር የቀረጻውን ቀንና ሰዓት በንዑስ ኮድ ያስቀምጣል፣ መቅጃዋ ሰዓት ካላት። 1987 ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ነበር። ስለዚህ የ1988 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ዋለ፣ ጥር 11ም ጃንዋሪ 20። 8:14 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 2:14 ነው። አባትሽ ሰዓቱን በፈረንጅ ነው የሞላው።

ፋይሉን ስትሰይሚ ሁለቱንም ቀን ጻፊ። ልጆችሽ ይጣሉበታል።

---

የጃንሜዳ_ልጅ · እሑድ፣ ከቀኑ 9:58

ከጠዋቱ 2:14፣ ጃንሜዳ። ከማኅሌቱ ጀርባ አንዲት ልጅ ‹ዳቦ ግዛልኝ› እያለች ታለቅሳለች። እናቴ አንቺ ነሽ ትላለች። እኔ አልቀበልም።

ከ‹ረጅም›ዎቹ አንዱን በቀይና ነጩ ቀድቼዋለሁ፣ አራት ሰዓት ሙሉ የባንድ ልምምድ ነው። ሦስቱን ሰዓት ጊታር ይቃኛሉ።

---

ነገር_አቅላይ · እሑድ፣ ከቀኑ 10:03

በቀይና ነጩ የገባ ጊታር ግን እንዴት ይጥማል!

---

የጃንሜዳ_ልጅ · እሑድ፣ ከቀኑ 10:15

ጋሽ ሚክሰር፣ አንድ የቀረኝ ችግር አለ። 17ኛው ካሴት ቤቱ ተሰንጥቋል፣ መዝጊያው አይከፈትም። ዴኩ ውስጥ ለመክተት ፈራሁ። ክሩ ግን ደህና ይመስላል።

---

ጋሽ_ሚክሰር · እሑድ፣ ከምሽቱ 12:30

እንዳትከችው። ክሩን ወደ ሌላ ካሴት ቤት ማዛወር ነው። የማያስፈልግሽ ካሴት ካለ አምጪ፣ ካልሆነ እኔ ጋ ባዶ አለ። ትንንሾቹን ብሎኖች የሚፈታ ካቻቢቴም አለኝ። ክሩን በጣት አትንኪ፣ የእጅ ቅባት ይጎዳዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ።

---

የጃንሜዳ_ልጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 12:36

እሺ ጋሼ። ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ይዤው እመጣለሁ። እናቴም አብሬ ልምጣ ብላለች፣ ስሙን አትነግረኝም እንጂ 17ኛው ላይ ያለው ሠርግ የማን እንደሆነ ታውቃለች።